ሦስት ጊዜ ድምፅ የጠየቁ ሰው

የዐማራትና የዴይም እንደራሴ የነበሩት የኡስታዝ ሙሐመድ ኢብራሂም ኑጉድ የምርጫ ታሪክ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አነጋገር በሀገራችን ከቆየ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አነጋገሩ ሹመትን እንደ ቀረበ ገበታ ይቈጥረዋል፤ ገበታው ሳይነሣ መብላት ብልኅነት ነው ይላል። ነገር ግን በየትኛውም አገር ቢሆን ገበታው አጠገብ ሳይደርሱ፣ ሕዝቡን «ምረጡኝ» እያሉ ደጋግመው በመጠየቅ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች አይጠፉም። እንዲህ ያሉት ሰዎች ቢያሸንፉ የሚያገኙት ጥቅም ጥቂት ነው፤ የሚደርስባቸው መከራ ግን ብዙ ነው። እንግዲያውስ ወደ ሕዝቡ ደጅ የሚመልሳቸው ምንድን ነው? ሀገርስ ከእነርሱ ምን ታተርፋለች? ዛሬ በዚህ ዐምድ የምንመለከተው ይህንን ጥያቄ ነው።

ለምሳሌ የመረጥናቸው ሰው የጎረቤታችን የሱዳን ተወላጅ ናቸው። ስማቸው ሙሐመድ ኢብራሂም ኑጉድ ይባላል። የሀገራቸው ሰዎች አክብረው «ኡስታዝ ኑጉድ» ይሏቸው ነበር፤ ኡስታዝ ማለት በዐረብኛ መምህር ማለት ነው። ኡስታዝ ኑጉድ በ1965፣ በ1986 እና በ2010 ዓመት ለሕዝብ ምርጫ ቀርበዋል። ሁለት ጊዜ አሸንፈዋል፤ አንድ ጊዜ ተሸንፈዋል። ሁለተኛውን ድል ያገኙት በካርቱም ከተማ ውስጥ ዐማራትና ዴይም በሚባሉት ሰፈሮች ነው። ኡስታዝ ኑጉድ የኮሙኒስት ፓርቲ መሪ ስለ ነበሩ፣ እምነታቸውን የሚወድም የሚነቅፍም አንባቢ ይኖራል። እኛ ግን የምንጽፈው ስለ እምነታቸው ሳይሆን ድምፅ ስለ መጠየቃቸው ነው።

ይህ ጽሑፍ አማርኛን በመማር ላይ ላሉት ሹማምንት ይጠቅም ዘንድ፣ ስለ ምርጫ የሚነገሩትን ዋና ዋና ቃላት በየቦታቸው እንፈታቸዋለን። ዓመቶቹንም በሱዳን እንደሚሠራበት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

ዐማራትና ዴይም

ዐማራት ከካርቱም መሐል ከተማ በስተ ደቡብ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተ ምዕራብ የሚገኝ ሰፈር ነው። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ስሙን ሲሰማ «አማራ» የሚለው ቃል ትዝ ይለው ይሆናል፤ ሆኖም ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም። ዐማራት በዐረብኛ «ፎቆች» ወይም «ሕንፃዎች» ማለት ነው። በምሥራቅ በኩል የአፍሪካ ጎዳና፣ በምዕራብ በኩል የሙሐመድ ነጂብ ጎዳና ያዋስኑታል። በመካከሉ የሚያልፉት መንገዶች ግን በስም ሳይሆን በቍጥር ይታወቃሉ፤ ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ቤቱን ሲያመለክት «15 ቍጥር መንገድ» ወይም «41 ቍጥር መንገድ» ይላል። የ2023ቱ ጦርነት እስከ ተነሣበት ጊዜ ድረስ ኤምባሲዎች፣ የውጭ ድርጅቶች ጽሕፈት ቤቶችና የባለጸጎች መኖሪያዎች የሚበዙበት ሰፈር ነበር።

ከሙሐመድ ነጂብ ጎዳና ወዲያ ማዶ ደግሞ ዴይም ይገኛል። ዴይም የተመሠረተው በእንግሊዞች ዘመን፣ መንግሥት የሠራተኞቹን መንደሮች ከመሐል ከተማው አንሥቶ ወደ ደቡብ ባዛወራቸው ጊዜ ነው። ግቢዎቹ ጠባብ፣ ነዋሪዎቹም በአብዛኛው በእጃቸው ሥራ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። ይህ ሰፈር ለእኛም ሀገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በስደትም ሆነ በሥራ ምክንያት ለረዥም ዘመን ኖረውበታል፤ እንጀራና ቡናም የሚገኝበት ሰፈር ነበር።

እንግዲህ ባለፎቁና የቀን ሠራተኛው የሚኖሩባቸው እነዚህ ሁለት ሰፈሮች በ1986 ዓመት በአንድነት አንድ የምርጫ ክልል ሆኑ። የምርጫ ክልል ማለት ነዋሪዎቹ አንድ ሆነው እንደራሴያቸውን የሚመርጡበት የተወሰነ ቦታ ነው። «እንደራሴ» የሚለውም ቃል ሊስተዋል የሚገባው ነው፤ «እንደ» እና «ራሴ» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተሠራ ሲሆን፣ «እንደ እኔው ሆኖ የሚቆምልኝ» ማለት ነው። ለአንድ ሰው በ41 ቍጥር መንገድ ለሚኖረው ባለጸጋም፣ በዴይም ለሚኖረው ሠራተኛም እንደ ራሱ ሆኖ መቆም ቀላል ሥራ አይደለም። ኡስታዝ ኑጉድ የጠየቁት አደራ ይኸው ነበር።

የሐንቱብ ተማሪዎች

ኡስታዝ ኑጉድ በ1930 ዓመት በነጭ ዓባይ አጠገብ በምትገኘው በገጤይና ከተማ ተወለዱ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የተማሩት በሐንቱብ ነው። ሐንቱብ ከዋድ መዳኒ ከተማ ትይዩ፣ በጥቁር ዓባይ ምሥራቃዊ ዳር የተሠራ ስመ ጥሩ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ከዚያው ትምህርት ቤት ሌሎች ሁለት ታላላቅ ስሞች ወጥተዋል፤ አንደኛው ኋላ በ1969 ዓመት በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዙት ጃዕፈር ኒሜሪ፣ ሁለተኛው የእስላማዊው ንቅናቄ መሪ የሆኑት ዶክተር ሐሰን አል ቱራቢ ናቸው። የሱዳን የግማሽ ምዕት ዓመት ታሪክ ብዙው ክፍል በእነዚህ ሦስት የሐንቱብ ተማሪዎች ክርክር ውስጥ ይገኛል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንደኛው ኮሙኒስት፣ አንደኛው ወታደር፣ አንደኛው የሃይማኖት ፖለቲከኛ ሆኑ።

ኑጉድ ከሐንቱብ በኋላ ወደ ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቢገቡም በፖለቲካ ምክንያት ተባረሩ፤ ትምህርታቸውንም በቡልጋሪያ ቀጥለው ኤኮኖሚክስ አጥንተው ተመለሱ። በተመለሱበት ዘመን ሀገሪቱን ይገዛ የነበረው በኅዳር 1958 ሥልጣን የያዘው የጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ወታደራዊ መንግሥት ነበር። በጥቅምት 1964 ተማሪዎች፣ ሐኪሞች፣ ዳኞችና ሠራተኞች ሥራ አቁመው ባደረጉት ታላቅ ዐመፅ ያ መንግሥት ወደቀ።

የመጀመሪያው ድል

በ1965 ዓመት ምርጫ ሆነ። የሱዳን የምርጫ ሕግ ከተራው የምርጫ ክልል ሌላ «የምሩቃን ክልል» የሚባል ነበረው። በዚህ ክልል ድምፅ የሚሰጡት ትምህርት የጨረሱ ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ በ1965 ዓመት 15 ወንበሮች ተመድበውለት ነበር። ከነዚህ ወንበሮች 11ዱን ኮሙኒስቶቹ አገኙ፤ ኑጉድም ከተመረጡት አንዱ ሆኑ። በዚያው በምሩቃን በር የሐንቱቡ ዶክተር ቱራቢም ወደ ምክር ቤቱ ገቡ። በዚሁ ምርጫ ፋጡማ አሕመድ ኢብራሂም የተባሉት እመቤት የመጀመሪያዋ ሴት የሱዳን እንደራሴ ሆነው መመረጣቸውን ለቤተሰብ ዐምድ አንባቢዎቻችን ሳንጠቅስ አናልፍም።

ኑጉድ ግን በወንበራቸው ላይ ብዙ አልቈዩም። ዓመቱ ሳይወጣ ምክር ቤቱ የኮሙኒስት ፓርቲ እንዲታገድ ወሰነ፤ እንደራሴዎቹም ተባረሩ። ለእገዳው በብርቱ ከጮኹት መካከል የዶክተር ቱራቢ ወገን ይገኝበት ነበር። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ቀርቦ ዳኞች እገዳውን ሕገ ወጥ ነው ብለው ቢፈርዱም፣ መንግሥት ፍርዱን አልፈጸመም። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በድምፅ የተመረጠ ሰው በድምፅ ካልሆነ በቀር ከወንበሩ ሊነሣ የሚችል ከሆነ፣ መራጩ ሕዝብ «ድምፄ ከንቱ ነው» ብሎ ያስባል። በአማርኛ «ድምፅ» የሚለው ቃል ከአፍ የሚወጣውንም፣ በካርድ የሚሰጠውንም ያመለክታል፤ የሁለተኛው ድምፅ መንገድ ሲዘጋ ሰው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ እርሱም ሲዘጋበት ወደ ጠመንጃ ድምፅ ይዞራል።

የሆነውም ይኸው ነው። ፓርቲው ታግዶ ሳለ ዋና ጸሐፊው አብዱል ኻሊቅ ማሕጁብ በ1968 ዓመት በግል ቀርበው በኦምዱርማን አሸነፉ፤ የድምፁ መንገድ ገና አልተዘጋም የሚሉ ሰዎች ተስፋ አደረጉ። ነገር ግን በግንቦት 1969 ኒሜሪ በታንክ መጡ፤ ኮሙኒስቶቹም በመጀመሪያ ደገፏቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተጣሉ። በሐምሌ 1971 ወደ ፓርቲው ያዘነበሉ መኰንኖች መንግሥቱን ገልብጠው ሦስት ቀን ብቻ ቈዩ፤ ኒሜሪ ሲመለሱ ማሕጁብና ሌሎችም ተሰቀሉ። ስለዚህ የአቋራጩን መንገድ የሞከረ አንድ ወገን ብቻ ነው ብለን አንጽፍም። የኑጉድ ወገንም ሞክሮት ከባድ ዋጋ ከፍሎበታል።

ዐሥራ አራት ዓመት ተደብቆ መኖር

ከማሕጁብ ሞት በኋላ የፓርቲው ዋና ጸሐፊነት በኑጉድ ላይ ወደቀ። ከ1971 ጀምሮ ኒሜሪ እስከ ወደቁበት እስከ ሚያዝያ 1985 ድረስ በገዛ ሀገራቸው ተደብቀው ኖሩ። ይህንን ዘመን በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ቀላል ነው፤ መኖሩ ግን ቀላል አይደለም። ተደብቆ የሚኖር ሰው ለቅሶ አይደርስም፤ ሠርግ አይጠራም፤ እናቱ ብትታመም አልጋዋ አጠገብ አይቀመጥም። የሚያስጠጋው ቤተሰብም የእርሱን ያህል ይፈራል፤ ልጆቹ ለጎረቤት እንዳይናገሩ ያስጠነቅቃቸዋል። ስለ ፖለቲካ ሰዎች ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንረሳው ከጀርባቸው የነበረውን ይህን የቤተሰብ ሸክም ነው።

በሚያዝያ 1985 የካርቱም ሕዝብ እንደ ገና ወደ አደባባይ ወጣ። ጦር ሠራዊቱ ኒሜሪን አወረደ፤ ጄኔራል ሱዋር አል ዳሃብ ለአንድ ዓመት ብቻ ሊያስተዳድሩ ቃል ገቡ፤ ቃላቸውንም ጠብቀው በዓመቱ ሥልጣኑን ለተመረጡት አስረከቡ። በአፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ጄኔራል ብዙ አይገኝምና፣ ስማቸው በክብር ሊነሣ ይገባል።

በአንድ ወር፣ በሁለት ጎረቤታሞች ሰፈሮች

የሚያዝያ 1986 ምርጫ በደረሰ ጊዜ ኡስታዝ ኑጉድ ዕድሜያቸው 56 ዓመት ገደማ ነበር። የመጀመሪያው ወንበራቸው ከተወሰደባቸው 20 ዓመት አልፏል። በዚህ ጊዜ ግን የቀረቡት በምሩቃን ክልል ሳይሆን በዐማራትና በዴይም ነበር፤ ማለትም ዲፕሎማ ያለውም የሌለውም በእኩል ድምፅ በሚሰጥበት ክልል ዕጩ ሆኑ። «ዕጩ» ማለት ለመመረጥ የቀረበ ሰው ነው፤ ቃሉ ልጃገረድ «ታጨች» ከምንለው ጋር አንድ ነው። የታጨ ሁሉ እንደማያገባ፣ ዕጩ ሁሉ አይመረጥም።

በሱዳን የምርጫ ወቅት «የፖለቲካ ሌሊት» የሚባል ልማድ አለ። ፀሐይ ጠልቃ ሙቀቱ ሲበርድ፣ በሰፈሩ ሜዳ ላይ ወንበር ተደርድሮ መብራትና የድምፅ ማጉያ ይተከላል፤ ዕጩው ይናገራል፤ ሕዝቡም እየሰማ ይፈርዳል። ማንበብ የማይችለው መራጭ ዕጩውን እንዲለይ ለእያንዳንዱ ምልክት ይሰጠዋል። ዐሥራ አራት ዓመት ፊቱን የሰወረ ሰው በእንዲህ ያለ ሜዳ በብርሃን ፊት ቆሞ «ይኸው እኔ ነኝ» ማለቱ ራሱ አንድ ነገር ነበር። ኡስታዝ ኑጉድ ዐማራትንና ዴይምን አሸነፉ። ፓርቲያቸው በሀገሪቱ በሙሉ ያገኘው ወንበር 3 ብቻ ሲሆን፣ አንዱ የእርሳቸው ነበር።

ከዴይም በስተ ደቡብ በሚገኙት በሰሐፋና በጀብራ ሰፈሮች ደግሞ ዶክተር ቱራቢ ዕጩ ሆነው ቀርበው ነበር። ሰሐፋ ማለት «ጋዜጠኝነት» ማለት ነው፤ የዚያን ወር ጋዜጦችም የሰፈሩን ስም ደጋግመው ጽፈዋል። ምክንያቱም በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙት ፓርቲዎች ዶክተሩን ለመጣል ሲሉ ዕጩዎቻቸውን አንሥተው፣ የዴሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ ሰው የሆኑትን ሐሰን ሸቡን በአንድነት ደገፉ፤ ዶክተር ቱራቢም ተሸነፉ። ወገናቸው የእስላማዊ ግንባር ግን 51 ወንበር አግኝቶ ሦስተኛ ሆነ፤ ከ28ቱ የምሩቃን ወንበሮችም አብዛኛዎቹን ወሰደ።

ዕጣቸውን ጎን ለጎን ብናስቀምጠው እንዲህ ነው። ኑጉድ ራሳቸው አሸንፈው ፓርቲያቸው ትንሽ ሆነ፤ ቱራቢ ራሳቸው ተሸንፈው ፓርቲያቸው ትልቅ ሆነ። በምርጫ ሥርዓት ለሁለቱም መድኀኒቱ አንድ ነበር፤ ይኸውም የሚቀጥለውን ምርጫ መጠበቅ ነው። ዶክተር ቱራቢ በ1988 ዓመት በጥምር መንግሥቱ ውስጥ ሚኒስትር ሆኑ፤ በሰሐፋ ያጡትን ድምፅ በሌላ ዓመት ለመጠየቅም ጊዜ ነበራቸው። ነገር ግን በሰኔ 30 ቀን 1989 ብርጋዴር ዑመር አል በሽር መንግሥቱን ገለበጡ፤ ከጀርባቸው የነበረውም የዶክተሩ ግንባር ነበር። ምክር ቤቱ ፈረሰ፤ ፓርቲዎች ሁሉ ታገዱ፤ የዐማራትና የዴይም ወንበርም ከነባለቤቱ ቀረ።

ኑጉድ ወደ ኮበር ወህኒ ቤት ተወሰዱ። ዶክተር ቱራቢም አብረው ታሰሩ፤ ይህም የመፈንቅለ መንግሥቱን ባለቤት ለመሰወር የተደረገ ዘዴ መሆኑን ዶክተሩ ራሳቸው ኋላ ተናግረዋል። በሱዳን በሰፊው እንደሚወራው፣ ኑጉድ በወህኒ ቤቱ ውስጥ ለዶክተሩ ስለ አብሮነታቸው አመስግነው፣ አሁንስ ወደ ቤታቸው ቢሄዱ እንደሚሻል በፈገግታ ነገሯቸው። ወሬው የሱዳንን ሰው ጨዋታ ዐዋቂነት ያሳያል፤ መከራ ውስጥ ሆኖ የሚቀልድ ሰው ተስፋውን ገና አልጣለም።

ሦስተኛው ጥያቄ

ኡስታዝ ኑጉድ ከወህኒ ቤት ከወጡ በኋላ በቤታቸው ሆነው በጥበቃ ሥር ቈዩ፤ በ1990ዎቹ ዓመታትም ለሁለተኛ ጊዜ ተሰወሩ። በተሰወሩበት ዘመን በሱዳን ኅብረተሰብ ስለ ነበረው የባርነት ግንኙነት መጽሐፍ አዘጋጁ። በጥር 2005 የሰሜንና የደቡብ ጦርነት በስምምነት ቆመ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የጸጥታው መሥሪያ ቤት ሹም ሳላሕ ጎሽ በተደበቁበት ቤት ድረስ መጥተው ጐበኟቸው፤ ኑጉድም ወደ ፀሐይ ብርሃን ወጡ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 75 ዓመት ያህል ነበር። በዚህ ዕድሜ ብዙ ሰው ጡረታውን እየተቀበለ የልጅ ልጆቹን ያጫውታል።

ኑጉድ ግን በ2010 ዓመት በተደረገው ምርጫ ለሀገሪቱ ፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ። በወረቀቱ ላይ 12 ስሞች ነበሩ። ምርጫው ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ፓርቲያቸው ከሌሎች ተቃዋሚዎች ጋር «ውድድሩ ትክክለኛ አይደለም» ብሎ ራሱን አገለለ፤ ስማቸው ግን ቀድሞ ታትሞ ስለ ነበር ከወረቀቱ አልወጣም። ውጤቱ ሲነገር አል በሽር ከመቶ 68 የሚሆነውን ድምፅ ሲያገኙ፣ ለኑጉድ የተቈጠረላቸው 26,442 ድምፅ ሆነ፤ ይህም ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በ12ኛው ስፍራ ተመዘገቡ።

ይህንን ቍጥር አይቶ የሚስቅ ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ቍጥሩን በሌላ ዐይን እንመለከተዋለን። ዕጩው «ራሴን አግልያለሁ» ካለ በኋላ ሃያ ስድስት ሺህ ሰዎች ወረፋ ጠብቀው፣ ከ12ቱ ስሞች መካከል የእርሱን ስም ፈልገው ምልክት አደረጉ። ይህ ድምፅ ሹመት አያሰጥም፤ ነገር ግን አንድን አሳብ በሀገሩ መዝገብ ላይ ያቈያል።

የኡስታዝ ኑጉድን ጠባይ የሚያሳይ ሌላ ነገርም ይነገራል። በመጋቢት 2011 ተቃዋሚዎች በካርቱም አቡ ጀንዚር በሚባለው አደባባይ ሰልፍ ጠሩ። ፖሊሶች ቦታውን ከበውት ስለ ነበር ሰው አልመጣም። ሽማግሌው ግን በቀጠሮው ደረሱ፤ ማንንም ባጡ ጊዜ መጥተው እንዳጧቸው የሚገልጽ ማስታወሻ በወረቀት ላይ ጽፈው ሄዱ። ማስታወሻው በሱዳን እንደ ተረት ሆኖ ሲነገር ይኖራል። ቀጠሮ አክባሪነት ለትንሹ ሰውም ለትልቁም ጌጥ ነው።

በአንድ ወረቀት ላይ የነበሩት ሐኪም

በ2010ሩ ወረቀት ላይ ከ12ቱ ስሞች አንዱ የሴት ስም ነበር። ዶክተር ፋጡማ አብዱል ማሕሙድ በሞስኮ የተማሩ የሕፃናት ሐኪም ሲሆኑ፣ በኒሜሪ ዘመን በሚኒስትርነት ማዕረግ ከተሾሙት ሱዳናውያት የመጀመሪያዋ ናቸው። ለፕሬዚዳንትነት በመወዳደርም በሀገራቸው ቀዳሚዋ ሴት ሆኑ። ምዝገባቸው መጀመሪያ ውድቅ ተደርጎ ነበር፤ ይግባኝ ብለው አስመለሱት። በዚያ ዓመት 30,562 ድምፅ አገኙ። በ2015 ዓመት ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች በሌሉበት ምርጫ ሁለተኛ ቀርበው ድምፃቸው 47,653 ሆነ። አል በሽር ከመቶ 94 በወሰዱበት ምርጫ ይህ ሥልጣን የሚያሰጥ ቍጥር አይደለም። ሆኖም ከ2010 በፊት የሱዳን ልጃገረድ በፕሬዚዳንትነት ወረቀት ላይ የሴት ስም አይታ አታውቅም ነበር። ዶክተር ፋጡማ በ2018 ዓመት ዐረፉ።

በሌላውም አገር ደጋግሞ መቅረብ ፍሬ ያፈራበት ምሳሌ አለ። በሴኔጋል አብዱላይ ዋድ በ1978፣ በ1983፣ በ1988 እና በ1993 ተሸንፈው በ2000 ዓመት አሸነፉ። በብራዚል ሉላ ዳ ሲልቫ ሦስት ጊዜ ተሸንፈው በአራተኛው፣ በ2002 ዓመት ፕሬዚዳንት ሆኑ። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የእኛ ተረት በእነዚህ ሰዎች ላይ ተፈጽሟል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በሴኔጋልና በብራዚል የተሸነፈው ሰው የሚመለስበት ምርጫ በጊዜው ይመጣ ነበር። በሱዳን ግን ከ1965ቱ ድል እስከ 1986ቱ ድል 21 ዓመት፣ ከ1986 እስከ 2010 ደግሞ 24 ዓመት ሆነ። ተወዳዳሪው ታጋሽ ቢሆንም፣ ሣጥኑ በቀጠሮው ካልቀረበ እንቍላሉ እግር ሳያወጣ ይቀራል።

የሁለቱ ጎረቤቶች ፍጻሜ

ኡስታዝ ኑጉድ በመጋቢት 22 ቀን 2012 በለንደን ከተማ ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ ካርቱም ተመልሶ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በተገኘበት በፋሩቅ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ዶክተር ቱራቢ በመፈንቅለ መንግሥቱ ያገኙትን ሥልጣን እስከ መጨረሻው አልያዙትም። በ1996 ዓመት የምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ፤ በታኅሣሥ 1999 አል በሽር ምክር ቤቱን በትነው አባረሯቸው፤ ከዚያም በኋላ በገዛ ደቀ መዛሙርታቸው እጅ ደጋግመው ታሰሩ። በመጋቢት 2016 ዐረፉ። አል በሽርም በሚያዝያ 2019 በሕዝብ ዐመፅና በጦር ሠራዊቱ እጅ ወደቁ። እንግዲህ ሚዛኑን አንባቢ ራሱ ይመልከት። በሰሐፋ የጠፋውን ድምፅ ተመልሶ ከመጠየቅ ይልቅ በሌሊት የተወሰደው ሥልጣን፣ ለወሰዱትም ቢሆን ዕረፍት አልሰጠም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የመራጮቹ ዕጣ ነው። በሚያዝያ 15 ቀን 2023 በጦር ሠራዊቱና በፈጣን ድጋፍ ኃይሉ መካከል የተነሣው ጦርነት የጀመረው በዚያው በካርቱም ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያው ከመጀመሪያዎቹ የጦር ሜዳዎች አንዱ ስለ ነበር፣ ጎረቤቱ ዐማራት ከእሳቱ አላመለጠም። ባለ 41 ቍጥር መንገዱም፣ የዴይሙም ሠራተኛ በአንድ ዓይነት ሻንጣ ተሰደዱ፤ አንዳንዱ ወደ ግብፅ፣ አንዳንዱ ወደ ቻድ፣ አንዳንዱም በመተማ በኩል ወደ እኛ ሀገር ገባ። በመጋቢት 2025 ጦር ሠራዊቱ ከተማውን መልሶ ያዘ። በ1986 ዓመት በአንድ ሜዳ ላይ ተቀምጠው የዕጩዎችን ንግግር ይሰሙ የነበሩት ጎረቤታሞች ግን በብዙ አገር ተበትነዋል።

ለሹማምንትና ለወላጆች

በመጀመሪያ የጠየቅነው፣ ደጋግሞ የሚቀርብ ተወዳዳሪ ለሀገር ምን ይጠቅማል የሚል ነበር። ከኡስታዝ ኑጉድ ታሪክ የምንረዳው፣ ተሸንፎ የሚመለስ ሰው ለሀገሩ ሰላም ዋስ መሆኑን ነው። ዛሬ የተሸነፈ ነገ ድምፅ እጠይቃለሁ ብሎ ካመነ ጠመንጃ አይፈልግም፤ ዛሬ ያሸነፈም ነገ እንደ ገና እንደሚጠየቅ ካወቀ ሥልጣኑን ለራሱ ገበታ አያደርገውም። ስለዚህ የምርጫን ሥራ የሚያስፈጽም ሹም ተሸናፊውን እንደ አሸናፊው አክብሮ ሊመዘግበው፣ አቤቱታውን ሊሰማው፣ የሚቀጥለውንም ምርጫ በቀኑ ሊያቀርብለት ይገባል። የተወሰደበትንም ወንበር በፍርድ ያስመለሰ እንደ ሆነ ፍርዱ ሊፈጸምለት ያስፈልጋል፤ በ1965 የተጀመረው ጥፋት ይህ ባለ መደረጉ ነውና።

ለወላጆችም የምንለው አለን። መሸነፍን መቀበል በምክር ቤት የሚማሩት ትምህርት አይደለም። በገበጣ ወይም በሩጫ የተሸነፈ ልጅ ጠጠሩን ሲበትን፣ ወይም ጓደኛውን ሲመታ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። «ነገ እንደ ገና ትጫወታለህ፤ አሁን ግን አሸናፊውን ጨብጠው» ብሎ ማስተማር የአባትና የእናት ፋንታ ነው። ልጁም ይህንን ለምዶ ሲያድግ ድምፅ ጠይቆ ባያገኝ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ እንደ ገና ይጠይቃል።